ቀይ ከፋይ የለበሰችው መኪና

አበጋዝ የመጨረሻውን ጠርዝ እየሰፋ ነበር። ቀዩን ከፋይ በግራ እጁ ወጥሮ በቀኙ ቆልማማውን መርፌ ያስገባል፤ ክሩን ይስባል፤ ስፌቱን በጥፍሩ ይጫናል፤ እንደገና ያስገባል። ኮምቦልቻ ውስጥ ለሰው መኪና የወንበር ልብስ ሲሰፋ ኖሮ፣ ዛሬ ተራው የራሱ አሮጌ አውቶሞቢል ሆነ።

በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የሚመላለሱ ሹፌሮች የሚሏት አንዲት አባባል አለች። የሰማት መንገደኛ ፈገግ ይላል እንጂ ከወዴት እንደመጣች አይጠይቅም። የመጣችው ከዚህ ከፋይ ነው።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች በነዚህ ወንበሮች ተቀምጠው ደሴ ይወጣሉ፤ አስካልን ከአባቷ ከአቶ መንበሩ ለአበጋዝ ሊለምኑ። ከዚህ በፊት ሁለቴ ሄደው ሁለቴም “እስቲ እንመካከርበት” ተብለው ተመልሰዋል። ይህ ወግ ነው፤ ልጅ በመጀመሪያ ልመና አትሰጥም። በሦስተኛው ግን መልስ አለ። እሺ ከተባለ እሺ ነው፤ እምቢ ከተባለም ደጁ ይዘጋል።

“አባቴ የሚያየው አያያዝን ነው” ብላው ነበር አስካል። “ሰውን የሚመዝነው ንብረቱን እንዴት እንደሚይዝ አይቶ ነው።”

አበጋዝ ይህን ሰምቶ ከፋይ ገዛ።

ጋሽ ይመር ከጎረቤት ጋራዡ እጁን እየጠረገ መጣ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እሱ ነው። ወንበሮቹን አየት አድርጎ አለፈና ኮፈኑን ከፈተ። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ፤ በነጭ ጨርቅ ጠረገው፤ ጨርቁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

“ና እስቲ አሽት።”

“ምንድን ነው ጋሼ?”

“አሽት አልኩህ እንጂ ቅመስ አላልኩህም።”

አበጋዝ አሸተተ። ምጣድ ላይ የተረሳ ቆሎ ይሸታል።

“የካምቢዮህ ዘይት ነው። አዲስ ሲገባ እንደ ከፋይህ ቀይ ነበር፤ አሁን አተላ መስሏል። ከገዛሃት ወዲህ ቀይረኸው ታውቃለህ?”

“ዘይት መች አጓድዬ አውቃለሁ! በየጊዜው እቀይራለሁ።”

“እሱ የሞተሩ ነው። ይሄ ሌላ ነው። ማርሽ እንዲይዝ የሚያደርገው፣ ግለቱንም የሚያበርደው ይሄኛው ነው። እንዲህ ተቃጥሎ የሐረጎን ዳገት ልታስወጣው ነው?”

“መሬቱን እየው፤ ጠብታ የለበትም። ያልጎደለ ዘይት ለምን ይቀየራል?”

“የእንስራ ውሃም ሳይጎድል ይሸታል።”

አበጋዝ ዋጋውን ጠየቀ። ሁለት ወንበር አልብሶ የሚያገኘውን ያህል ነው። ኪሱ ውስጥ ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ቀርቷል፤ እሱም የታሰበው ለኋላ መስታወቱ መጋረጃ ነው። ወንበሮቹ ለብሰው መስታወቱ ራቁቱን ሲቀር ታየው።

“ከሽምግልናው በኋላ ይሁን ጋሼ። ለመሆኑ ዘይቱን ማን ያየዋል?”

ጋሽ ይመር ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። “ዳገቱ” አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት ዝናብ ነበር። መሪጌታ ላቀው ከፊት፣ ሼህ እንድሪስና ጋሽ ይመር ከኋላ ተቀመጡ። በወጉ ልጅ የሚያስለምን ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጅ ድረስ አይሄድም። አበጋዝም ሼህ እንድሪስ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እስከ ደጁ አጠገብ አድርሷቸው፣ ከአጥሩ ጥግ ሳይታይ ሊመለስ ነው ያሰበው። ሼህ እንድሪስ ወንበሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

“ወላሂ፣ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ለራሴ ሠርግ እንኳ አልተቀመጥኩም።”

አበጋዝ ደስ አለው። ደስታው እስከ ሐረጎ ዳገት ቆየ። እዚያ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናዋ ግን ከጩኸቱ ወደ ኋላ ትቀራለች። ራሷ ማርሽ ስትቀይር ጥቂት ታመነታለች፤ ከዚያ ወገቧን እንደተመታ ሰው ትንገጫገጫለች። ውስጡ መሽተት ጀመረ።

“ቆሎ የያዘ አለ?” አሉ ሼህ እንድሪስ። “ካለ ያካፍለን እንጂ።”

ጋሽ ይመር በመስኮቱ ዝናቡን ያያል።

እንደምንም ደሴ ገቡ። የአቶ መንበሩ ቤት ከዋናው መንገድ ተነጥሎ፣ ዝናብ ሲሆን ባጃጅ እንኳ የማይደፍረው አቀበት ላይ ነው። አበጋዝ ከአቀበቱ ግርጌ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ አጓራ፤ ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሰጠ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፍሬን ያዘ።

መሪጌታ ላቀው ሰዓታቸውን አዩ። “የቀጠሮው ሰዓት ደርሷል። አቶ መንበሩ ደግሞ ያረፈደን ሰው ‘ቀርቷል’ ነው የሚሉት።”

በእግር እንዳይወጡ የሼህ እንድሪስ ጉልበት አለ። ሼሁን ትተው እንዳይሄዱ፣ ሦስት ሆኖ የጀመረ ሽማግሌ ሁለት ሆኖ መልስ አይቀበልም። አበጋዝ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ከኋላው “ነግሬህ አልነበረም?” የምትለዋን ቃል ጠበቀ። አልመጣችም።

“የኋላ ማርሹን ሞክረው” አለ ጋሽ ይመር።

ሞከረ። መኪናዋ ያዘች።

“የፊቱ ነው የሞተው፤ የኋላው ገና ነፍስ አለው። አዙረህ በኋላ ማርሽ ውጣ።”

“በጀርባ?” ጮኹ መሪጌታ። “ሰው ደጅ በጀርባ ይደረሳል? ነውር አይደለም?”

“መሪጌታ” አሉ ሼህ እንድሪስ፣ “በዚህ ጉልበቴ ከምወጣ በጀርባዬ ብወጣ ይሻለኛል። ንዳው ልጄ፣ በአላህ ስም።”

አበጋዝ መኪናዋን ወደ ኋላ እያስኬደ አፍንጫዋን ቁልቁል አዞረና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ እያየ አቀበቱን ተያያዘው። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ጎረቤት ሁሉ ከየበሩ ብቅ አለ። አንዱ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ “አንተ! ልጅ ልትወስድ ነው ወይስ ልትመልስ?” ብሎ ጮኸበት።

አቶ መንበሩ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። እህታቸው እትዬ ዘርፌ በረንዳው ላይ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቀይ መጋረጃ የተጋረደ የመኪና ቂጥ እያጓራ መጥቶ ከበሩ ፊት ቆመ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የአቶ መንበሩ ፊት ጠቁሯል።

“ሽማግሌ ፊቱን አሳይቶ ነው ደጅ የሚጠናው። እናንተ ጀርባችሁን ሰጥታችሁኝ መጣችሁ?”

ሼህ እንድሪስ የመኪናውን በር ተደግፈው ቀና አሉ። “አቶ መንበሩ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድብዎትን ይፍሩ። እኛ ጀርባችንን ሰጥተን የመጣንልዎት ነን።”

እትዬ ዘርፌ በሽንኩርቱ ላይ አቀርቅረው ሳቁ። አቶ መንበሩ አልሳቁም፤ መሪው ላይ የተቀመጠውን አይተዋል።

“ላኪውም አብሮ መጥቷላ!”

አበጋዝ ወረደ። እጁን የሚያደርግበት አጣ። መሪጌታ ላቀው ቶሎ ብለው፣ “ያው ዝናቡ፣ መንገዱም ቢሆን…” ሲሉ አቋረጣቸው።

“መንገዱ አይደለም አባባ። የካምቢዮዋ ዘይት ተቃጥሎ ነው። ጋሽ ይመር ቀይረው ብሎኝ ነበር። እኔ በዘይቱ ፈንታ ይኸን መጋረጃ ሰቀልኩ።”

አቶ መንበሩ ወደ መኪናዋ ሄዱ፤ በሩን ከፍተው የወንበሩን ስፌት በአውራ ጣታቸው ተከትለው ዳበሱት።

“ስፌቱ ጥሩ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ይመር ዞሩ። “ዘይቱ ስንት ነበር?”

“የሁለት ወንበር ልብስ።”

“አሁንስ ቢቀየር?”

“አሁን ዘይት አያድናትም። ካምቢዮው ራሱ ይለወጣል። የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ይበላል።”

አቶ መንበሩ የመኪናዋን በር ቀስ አድርገው ዘጉ። “ልጄንስ እንዲህ ነው የምትይዛት? ላይዋን ከፋይ አልብሰህ፣ ውስጧ ሲቃጠል ‘ማን ያየዋል’ ብለህ?”

አበጋዝ ደንግጦ ወደ ጋሽ ይመር አየ። ጋሽ ይመር ‘እኔ አልነገርኳቸውም’ በሚል ራሱን ነቀነቀ። አቶ መንበሩ ቃሏን ከራሳቸው ነው ያገኟት።

“ብያለሁ” አለ አበጋዝ። “ለመኪናዋ ብያለሁ። እኔ ላዩን ሳሳምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማይታየውን መጠየቅ አልለመድኩም። አስካልን ግን እጠይቃታለሁ። ‘ደህና ነኝ’ ብትለኝም ደግሜ እጠይቃታለሁ።”

ከጓዳው በር ጀርባ የታፈነ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ። አቶ መንበሩ ወደዚያ ዞር ብለው ሰሙ።

“መንበሩ” አሉ እትዬ ዘርፌ፣ “ሼሁ በአንድ እግር ቆመዋል፤ ወይ ስጥ ወይ ከልክል።”

“እንግዲህ ዝናቡንም መንገዱንም ማመካኘት ይችል ነበር” አሉ አቶ መንበሩ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “ልጄን ሰጥቻለሁ። ሠርጉ ግን ያቺ መኪና ይህን አቀበት በፊቷ የወጣች ቀን ነው። ግቡ፤ ቁጭ በሉ።”

ከጓዳ እልልታ ወጣ። ሼህ እንድሪስ “አልሐምዱሊላህ! ለሙሽሮቹም ለጉልበቴም” ብለው የመጀመሪያውን በርጩማ ያዙ። አበጋዝ ግን አልገባም። ዝናቡ ላይ ቆሞ፣ ካምቢዮውን ለመግዛት ስንት መኪና ማልበስ እንዳለበት እያሰበ ብቻውን ፈገግ ይላል።

የጎረቤት ሴት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ “እትዬ ዘርፌ፣ ምን ጉድ ነው? እንግዶችዎ ምነው በጀርባ መጡ?” ስትል ጠየቀች። እትዬ ዘርፌ የመጨረሻዋን ሽንኩርት ልጠው ሳህኑ ውስጥ ጣሉ፤ ልጣጩን ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ፤ ሳህኑን ወደ ጎን አድርገው፣ “ምን ይደረግ እቴ፣ ዘይት የነፈጓት መኪና ሽማግሌ በጀርባ ታመጣለች” አሏት።