ዘነዘና የናደው መሬት

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ዘርጋው፣ ስለ ሚስትህ ጠይቀኸኝ ስለ ባለጸጋ ስጀምር ፊትህን አታጥቁርብኝ። «የኔታ፣ ‹ወጡ ቀጠነ› ባልኳት በአንዲት ቃል የአሥራ አንድ ዓመት ትዳሯን ጥላ ትሄዳለች ወይ? ይፍረዱኝ» ብለሃል። እፈርዳለሁ። አንተ ባለጸጋ እንዳልሆንክ ከቁምጣህ አይቻለሁ፤ ዝም ብለህ ስማ።

የባለጸጋው አገር በባሕር ዳርቻ ነበር፤ ምድሩም ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ። ባሕሩ ከዳር ጥቂት እርምጃ ገባ ካሉበት ሥሩ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገደል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ከደጋ ያጠበውን አፈር አምጥቶ እዚያ ቁልቁለት ላይ ያራግፈዋል። የአገሩም ሕግ «ደለል ደጁ የተኛለት ሰው ርስቱ ይሁን» ይላል። ባለጸጋው ይህን ሕግ ከዳዊቱ አብልጦ ይወደው ነበር። ውኃው ውስጥ ካስማ ተከለ፣ ጭራሮ ረበረበ፣ አመድና ፍግ ደፋ፤ ደለሉም እየተያዘለት መሬቱ በየዓመቱ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ባሕሩ ሄደ። ሽንኩርት ተከለበት። ጎተራ አቆመበት። ሌላው ሰው ርስት የሚያገኘው ወይ ተወልዶ ወይ ተሟግቶ ነው፤ እሱ ቁጭ ብሎ ወንዝ ያመጣለት ነበር።

አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ሲያልፍ ድንጋይ ያሰረበትን ገመድ ከሽንኩርቱ ፊት ለፊት ወደ ውኃው ለቀቀ። ገመዱ አለቀ፤ ድንጋዩ ግን ታች አልደረሰም።

«ጌታዬ» አለ፣ «ይኼ መሬትዎ ከሥሩ እንደ ቤት ክዳን ያዘነበለ ነው። ደለሉ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ከእንግዲህ ባይጨምሩበት ይሻላል።»

«ዓሣ አጥማጅ ስለ መሬት ምን ያውቃል? ይልቅ ዓሣህ ሳይሸት ሂድ» አለው ባለጸጋው።

በዚያው ዓመት ታላቅ መንቀጥቀጥ መጣ። ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ፣ ቄሱ ጫማቸውን ትተው ሮጡ። የባለጸጋው መሬት ግን ቆመ። በሬ ጣለና ጎረቤቱን ጠርቶ «ምድር ጉልበቷን በእኔ ሞክራ አፍራ ተመለሰች!» እያለ ፎከረ። ከውኃው በታች ደለሉ መሰንጠቁን ያዩት ዓሣዎቹ ብቻ ናቸው። በማግስቱ ካስማ ጨመረ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቱ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ደጇ ላይ በርበሬ ትወቅጣለች። ባለጸጋው ጠላውን ይዞ ከቤቱ በር ተቀምጧል። ምድር ነቅነቅ ትበል አትበል ያወቀ የለም፤ የታቀፈች ዶሮ እንኳ ከዕንቁላሏ አልተነሣችም። መሬቱ ግን ከሥሩ ተንሸራቶ ሄደ። ሽንኩርቱ ሰልፉን ሳያፈርስ፣ በየመደቡ እንደ ቆመ፣ ባሕር ወረደ፤ ጎተራውም ተከተለው። ባሕሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣና ባለጸጋውን እስከ ወገቡ ነከረው። ሲመለስም አንድ ዓሣ አልጋው ላይ ትቶለት ሄደ።

ባለጸጋው ልብሱ ሳይደርቅ ዳኛ ዘንድ ሄዶ ከሰሰ። ማንን? ሴትዮዋን።

«ንጉሥ ይሙት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ዘነዘናዋ ዱም አለ፣ መሬቴ ሄደ። ለካሳ የእሷ መሬት ይሰጠኝ።»

ሴትዮዋ ከዚያች ቁራሽ መሬት በቀር ምንም የላትም፤ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በእሷ ነው። «ጌቶቼ፣ እኔ የወቀጥኩት በርበሬ ነው፤ መሬት አልወቀጥኩም» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሀብታም የከሰሰው ድኻ በምን አፉ ይስቃል?

ዳኛው ተነሡና ሰዉን አስከትለው ወደ ቦታው ሄዱ። «አንቺ እዚያው ደጅሽ ላይ ውቀጪ። አንተ ደግሞ ከመሬትህ በተረፈው ጫፍ ላይ ቁም። የዘነዘናውን ጉልበት እንየው» አሉ።

ባለጸጋው ካባውን ሰብስቦ ቆመ። ሴትዮዋ ዘነዘናውን ወደ ላይ አነሣች። ገና ሳታወርደው ባለጸጋው እንደ ፌንጣ ዘሎ ዳኛው እግር ሥር ወደቀ።

«ያዙልኝ! ይናዳል!»

«ምኑ?» አሉ ዳኛው።

«መሬቱ ነዋ!»

ዳኛው ወደ ሙቀጫው ጠቆሙ። «ዘነዘናው በየቀኑ የሚወርድበት የእሷ መሬት አንድም ቀን አልተነቃነቀም። አንተ ግን ዘነዘና ገና ሲነሣ የምትሸሸው መሬት ላይ ጎተራ ሠራህ። እሷ ወደ በርበሬዋ ትመለስ፤ አንተም ወደ ቤትህ።»

ይኸውልህ ዘርጋው። «ወጡ ቀጠነ» ያልካት ዘነዘናው ነው። እውነትህን ነው፣ በዘነዘና ትዳር አይፈርስም። ነገር ግን የሚስትህ የአንጓች እናት ሲሞቱ ለቅሶው ላይ በሦስተኛው ቀን ደረስክ፤ ዝም አለች። አባቷ የሰጧትን በግ ሳትነግራት ሸጥክ፤ ዝም አለች። በእህቷ ሠርግ ላይ በሰው ፊት አሾፍክባት፤ አሁንም ዝም አለች። ይህን ሁሉ ቅድም እየሳቅህ የነገርከኝ አንተው ራስህ ነህ። ዝምታዋን ርስት አድርገህ ሽንኩርት ተከልክበት። አምና ያን ሁሉ ጠብ ተጣልታችሁ ሳትሄድ ስትቀርም «የእኔ ሚስት የት ትሄዳለች!» ብለህ ጠላ ቤት ፎክረሃል፤ ወሬው እዚህ ደርሷል። እኔ ለእሷ አዝኛለሁ። ለአንተም ትንሽ።

አሁን ሽማግሌ ልትልክባት ታስባለህ። ሽማግሌው ምን ብሎ ያስታርቃችሁ? ወጡ ወፍራም ነበረ ብሎ ይመስክር? ከላይ አትጀምር፤ ከሥሩ ጀምር። መጀመሪያ ያስከፋሃት ነገር ምን ነበር?

አታውቀውም?

እኔም አላውቀውም። ግማሽ ቀን በእግርህ ተጉዘህ እኔን ልትጠይቅ መጣህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገብህ ስትተኛ፣ «ምን አስከፋሽ?» ብለህ እሷን አንድ ቀን ጠይቀሃታል?