ስንዱና የሰልባጁ ጠላቂ ልብስ

ኑ ቅረቡ፣ ተረት ላውጋችሁ! እምቢ ካላችሁ ለጣና ጉማሬ እነግረዋለሁ፤ እሱ ጆሮው ትንሽ ቢሆንም ይሰማል!

ጣና ዳር ስንዱ የምትባል ዓሣ አጥማጅ ነበረች። ያላት አንድ መረብ ብቻ ነው፤ እሱም ሐይቁ ውስጥ ከሰመጠ ግንድ ጋር ተጠላልፎ ቀረ። መረብ ከሌለ ዓሣ የለ፣ ዓሣ ከሌለ ለልጆቿ ጉርሻ የለ። ውሃው ደግሞ ከሥሩ ብርዱ አጥንት ይሰብራል! ስንዱ ሆዬ ከሰልባጅ ተራ ጠላቂ ዋናተኛ የሚለብሰውን፣ ብርድ የማያስገባውን ጥቁር የጎማ ልብስ ገዛች። ግን ግማቱ! ፍየል አድሮበታል ትላላችሁ። የጀርባው ዚፕም ዝጎ ድርቅ ብሏል።

«ዚፕ ሆይ፣ ተከፈትልኝ፤ መረቤ ጣና ውስጥ ቀረ!»

«ሰም ካልቀቡኝ ንቅንቅ አልልም!» አለ ዚፕ።

ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ንብ አርቢው ጋሽ ጫኔ ዘንድ ሄደች።

«አንቺ ስንዱ፣ ጉማሬ ገፈፍሽ እንዴ?» አሏት።

«ይሳቁ ጋሼ፣ ይሳቁ! ብቻ ሰም ይስጡኝ።»

«ሰሙማ ቀፎው ውስጥ ነው፤ ንቧን ለምኛት።»

«ንብ ሆይ፣ ሰም ስጪኝ፤ ዚፕ ያለ ሰም አልከፈት አለ፤ መረቤ ጣና ውስጥ ቀረ!»

«አበባው ጠውልጎ ሆዴ ባዶ ነው፤ አበባው ቀና ካላለ ሰም የለም!» አለች ንብ።

«አበባ ሆይ፣ ቀና በል፤ ንብ ያለ አበባ ሰም አልሰጥ አለች፤ ዚፕ ያለ ሰም አልከፈት አለ፤ መረቤ ጣና ውስጥ ቀረ!»

«ውሃ ካላጠጡኝ ቀና አልልም!» አለ አበባ።

ወደ ውሃ ጉድጓዱ በረረች።

«ባልዲ ሆይ፣ ውረድና ቅዳ፤ አበባ ያለ ውሃ ቀና አልል አለ፤ ንብ ያለ አበባ ሰም አልሰጥ አለች፤ ዚፕ ያለ ሰም አልከፈት አለ፤ መረቤ ጣና ውስጥ ቀረ!»

«በምን ልውረድ?» አለ ባልዲ። «ገመዴን መረብ ልጎትትበት ብለሽ የወሰድሽው አንቺ! እሱም ከመረቡ ጋር ጣና ውስጥ አይደል?»

እውነቱን ነው! ስንዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዝርፍጥ አለች። መረቡን ለማውጣት ገመድ፣ ገመዱን ለማውጣት መረቡ! እንባዋ ሊመጣ ሲል ከትከሻዋ የተንጠለጠለው የልብሱ እግር ጉልበቷን ነካት። ጎተት አደረገችው፤ ተለጠጠ። ደግማ ጎተተችው፤ ተለጠጠ!

«ውይ ጉዴ! ገመድ አዝዬ ገመድ እፈልጋለሁ?»

የልብሱን እግር ከባልዲው እጀታ አስራ፣ እጅጌውን ጨብጣ ባልዲውን ወደ ታች ለቀቀችው። ጉድጓዱም ጥልቅ አልነበረም። ያኔማ! ባልዲ ውሃ ቀዳ፤ ውሃ አበባ አጠጣ፤ አበባ ንብ አበላ፤ ንብ ሰም ሰጠች! በተረፈው ውሃ ልብሱን እያገላበጠች በሳሙና አሸት አሸት አደረገችው። ፀሐይ ላይ ልታሰጣው ስትል ጋሽ ጫኔ ጮኹ፤ «ተይ! ጎማ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ሥር ነው!»

ጥላ ሥር ደረቀ፤ ግማቱ ጠፋ፤ ሰም ዚፑን አለሰለሰ፤ ዚፑ ዚፍ ብሎ ተከፈተ፤ ስንዱ ለብሳ ጠለቀች፤ ብርዱ በሩ ተዘጋበት፤ መረቡ ወጣ! ገመዱም አብሮ፣ ዓሣውም አብሮ! ከዚያ ወዲያ ከሐይቅ በወጣች ቁጥር አስቀድሞ የሚታጠበው ልብሱ ነው፤ እሷ ተራዋን ትጠብቃለች።

ተረቴን መልሱልኝ፣ ዓሣዬን ጥበሱልኝ!