የእማዋይሽ ብሎግ ልብስ የቀየረ ዕለት

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው እግሩን ይዘርጋ።

በጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሐይቁ ላይ ያየችውን፣ የጉማሬውን ማናፋት፣ የጀልባውን መዘግየት፣ የሰፈሩን ወሬ ሳይቀር በራሷ ብሎግ ላይ ትጽፋለች። አንባቢዎቿ ብዙ አይደሉም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የምትጽፈው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአባቷ ለአቶ ጫኔ። አቶ ጫኔ ዕድሜ ልካቸውን ጣና ላይ ጀልባ ሲነዱ ኖረው አሁን ከበረንዳ አይርቁም። የልጃቸውን ጽሑፍ በስልካቸው ይከፍቱና አቀርቅረው ይቆያሉ፤ ከዚያም "ግሩም አድርገሽ ጽፈሻል፣ እጅሽ ይባረክ" ይሏታል።

አንድ ቀን እማዋይሽን ሲያማት ዋለና ምንም ሳትጽፍ ቀረች። አባቷ ግን ስልካቸውን አስቀምጠው "የዛሬውማ ከሁሉም ይበልጣል" አሏት። የጻፈችው የለም እኮ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ብሎጓ ላይ ያለው ፊደል ጤፍ ያክላል፣ ቀለሙ አመዳም ነው፣ የአባቷ ዓይን ደግሞ ደክሟል። እሳቸው እንዳይከፋት ደበቁ፣ እሷም እንዳያፍሩ ዝም አለች። "ብሎጌን እንደ አዲስ እሠራዋለሁ" ብላ አሰበች፤ "ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጨልም ያነቡኛል፣ እንዳወቅሁባቸውም አያውቁም።" የፈለገችው ይህችን ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀመጠች። ሙቀቱ ዓይኗን ከደን ከደን ያደርገዋል። ተኝታ ይሁን ነቅታ እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። "ገጼ፣ እባክህ አዲስ ልብስ ልበስ። አንተ ካልለበስክ አባቴ አያነቡም" አለችው። ገጹ ብድግ ብሎ እጅ ነሣና "ኧረ እኔ? ታላቆቼ ፊደሎች እያሉ? በሞቴ፣ እነሱ ይቅደሙ" አለ። የት አገር ያደገ ገጽ እንደሆነ ከዚህ ታውቁታላችሁ።

ወደ ፊደሎቹ ሄደች። "ፊደሎቼ፣ እባካችሁ ጎላ በሉ። ፊደል ካልጎላ ገጽ አይለብስም፣ ገጽ ካልለበሰ አባቴ አያነቡም።" ፊደሎቹ በር ላይ እንደተገናኙ እንግዶች "አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም" ሲባባሉ ቆዩ። በመጨረሻ "ፎቶው ከላይ ተቀምጦ እኛ ደረታችንን እንንፋ? ታላቃችን ነው፣ እሱ ይቅደም" አሉና መልሰው ተቀመጡ።

ፎቶው የገጹን ግማሽ ይዞ የተንጣለለ የሐይቅ ፎቶ ነው። ንጋት ላይ የተነሣ ስለሆነ ጭጋጉ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ እማዋይሽም እግሯ ሲርስ ታወቃት። "ፎቶዬ፣ እባክህ ጠበብ በል። ፎቶ ካልጠበበ ፊደል አይጎላም፣ ፊደል ካልጎላ ገጽ አይለብስም፣ ገጽ ካልለበሰ አባቴ አያነቡም።" ፎቶው ውሃውን ትንሽ አወዛወዘ። "መጥበቡንስ አልጠላሁም፣ ግን ጋሼ ቀለም ሳይቀድሙኝ? ያለ ቀለም እኔ ምን ነበርኩ? ሰው ምን ይለኛል?" አለ። ከእማዋይሽ በቀር የሚታዘበው ሰው እንኳ አጠገቡ አልነበረም።

እማዋይሽ በጭጋጉ ውስጥ ገባች። ውሃው ላይ ስትራመድ አይደንቃትም። አመዳሙን ቀለም በታንኳ ላይ ጋቢ ተከናንበው አገኘቻቸው። "ጋሼ ቀለም፣ እባክዎ ጠቆር ይበሉ። ቀለም ካልጠቆረ ፎቶ አይጠብም፣ ፎቶ ካልጠበበ ፊደል አይጎላም፣ ፊደል ካልጎላ ገጽ አይለብስም፣ ገጽ ካልለበሰ አባቴ አያነቡም።" ጋሼ ቀለም አዘኑላት። "ልጄ፣ አመድ መስሎ መኖር ማንን ደስ ይለዋል? ግን አንጋፋው ባዶ ቦታ ውጭ ቆመው እኔ ብደምቅ ነውር ነው። ከሁላችንም በፊት የነበሩት እሳቸው ናቸው" አሏት።

እውነታቸውን ነው። እማዋይሽ ብሎጉን የከፈተች ጊዜ ገጹን በሰዓት፣ በቀን መቁጠሪያ፣ በሚያብለጨልጭ ቁልፍ ስትሞላው ባዶው ቦታ መቀመጫ አጥተው ወጥተዋል። ውሃና ሰማይ በሚገናኙበት ዳር ቆመው ሳለ ደረሰችባቸው። ፊት የላቸውም፤ አጠገባቸው ሲቆሙ ግን ትንፋሽ ይረጋል። "እማዋይሽ ይቅርታ ትጠይቃለች" አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምትናገር ሆና። "እባክዎ ይመለሱ። ባዶ ቦታ ካልገባ ቀለም አይጠቁርም፣ ቀለም ካልጠቆረ ፎቶ አይጠብም፣ ፎቶ ካልጠበበ ፊደል አይጎላም፣ ፊደል ካልጎላ ገጽ አይለብስም፣ ገጽ ካልለበሰ አባቴ አያነቡም።"

"ቂም የለኝም፤ ግን ሳይጠሩኝ አልገባም" አሉ ባዶው ቦታ። "ባለቤቱ ይግቡ ይበለኝ።"

"ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ ይግቡ።"

"አንቺ ሠሪዋ ነሽ። የሠራሽው ለማን ነው?"

"ለአባቴ።"

"እሱን ጠይቂው። ዓይንህ ምን ያህል ቦታ ይበቃዋል በይው።"

ፈራች። ይህን ሁሉ መንገድ የዞረችው ይህችን ጥያቄ ላለመጠየቅ ነበር። ቢሆንም ከኮምፒውተሯ ፊት ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች።

"አባባ" አለች፣ ገና ዓይኗን እያሸች፤ "ባዶ ቦታ ካልተጠራ አይገባም፣ ባዶ ቦታ ካልገባ ቀለም አይጠቁርም፣ ቀለም ካልጠቆረ ፎቶ አይጠብም፣ ፎቶ ካልጠበበ ፊደል አይጎላም፣ ፊደል ካልጎላ ገጽ አይለብስም፣ ገጽ ካልለበሰ እርስዎ አያነቡም።"

"ምን ትላለች ይቺ ልጅ? አንቀላፍተሽ ነበር እንዴ?"

"አባባ፣ የምጽፈው ይታይዎታል ወይ?"

አቶ ጫኔ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ ገለበጡት። "አይታየኝም" አሉ። "እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

"እኔም እንዳያፍሩ ብዬ ነው።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ተጋግዘው ነበር የሚደብቁት። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ። "ምን ያህል ቦታ ይበቃዎታል?" ብትላቸው አውራ ጣታቸውን አሳዩ። "ፊደሉ ይህን ይከል። ዙሪያውንም ልቀቂው፤ ጀልባ መዞሪያ ውሃ ይፈልጋል። ያ ካልተጠራ አይገባም ያልሽኝስ ማን ነበር? ይግባ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ።"

አቶ ጫኔ ይግባ አሉ፣ ባዶው ቦታ ገባ። ባዶው ቦታ ሲገባ ቀለሙ ጠቆረ፣ ቀለሙ ሲጠቁር ፎቶው ጠበበ፣ ፎቶው ሲጠብ ፊደሉ ጎላ፣ ፊደሉ ሲጎላ ገጹ ለበሰ። እማዋይሽ የቅርቡን ጽሑፍ ከፍታ ስልኩን ሰጠቻቸው።

"ይሄን አይደለም። ካቆምኩበት ልጀምር" አሉ።

"የት ነው ያቆሙት?"

"የእናትሽን አርባ ካወጣን በኋላ የጻፍሽው ላይ።"

ወደ ኋላ ገፋችው። አንድ ክረምት አለፈ፣ አንድ ጾም አለፈ፣ ሌላ ክረምት አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ እጅሽ ይባረክ ሲሏት ኖረዋል። ጽሑፉ ተገኘ፣ አቶ ጫኔም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። "አባባ ዛሬም ሻይ በሁለት ብርጭቆ ቀዱ።"

ቀና ብለው ልጃቸውን አዩአት። "አይተሽኝ ነበር ለካ" አሉ።

"አይቼዎት ነበር" አለች።

አጎንብሰው ቀጣዩን መስመር ማንበብ ጀመሩ። እኔም እዚህ ላይ አበቃሁ፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያካፍል።