የሰሎሜ ደወል

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ ዳኞቹ እናንተ ናችሁ። በአንድ ወቅት፣ እኔ ወጥ ቤት በምሠራበት የክርስቲያን ኮሌጅ፣ የመምህርነት ፈቃድ ለማግኘት የሚማሩ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሶፎንያስ፣ ኢዮስያስና ዲቦራ። ሦስቱም ከእጄ የበሉ ናቸውና ለማንም አላደላም። ለተግባር ልምምድ በግቢያችን ባለው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አብረው ተመደቡ። ልጆቹን ወደዷቸውና ሦስቱም እዚያው መቅረት ተመኙ። ትምህርት ቤቱ የሚቀጥረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ልማድ ደስ ይላል። የሚቀጠረው መምህር በምረቃው ቀን የእጅ ደወል ይቀበላል፤ ደወሉንም የሚሰጠው ከልጆቹ አንዱ ነው፤ ልጁ የሰጠው ሰው ይቀጠራል።

በዚያ ክፍል ሰሎሜ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። በየጠዋቱ በንባብ መጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ጸሎት ጣቷን እያስኬደች ታነባለች፤ አቤት ስታምር! ጎበዝ አንባቢ ሲባል የምትጠራው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ሶፎንያስ ለመምህርነት ፈቃዱ ሲፈተን፣ ፈታኙ ከኋላ ተቀምጦ እያየው ሲያስተምር፣ የልጅቷ ጣት ከቃሉ ጋር እንደማይሄድ ልብ አለ። ዝም ቢል ፈተናውን አሳምሮ ይጨርስ ነበር። እሱ ግን «ሰሎሜዬ፣ እስቲ የሚቀጥለውን ገጽ» አላት። ገጹ ገበያ ስለምትሄድ አህያ ነው። ሰሎሜ ጣቷን አህያዋ ላይ አድርጋ ያንኑ ጸሎት «ጌታ ሆይ…» ብላ ጀመረች።

«አህያዋ ትጸልያለች!» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካስ ልጅቷ በሰንበት ትምህርት እንደለመደችው ሁሉን በቃሏ ይዛ ኖሯል፤ ማንበብማ ከየት መጥቶ! እኛም ስንት ጊዜ አጨብጭበንላታል። ሰሎሜ እያለቀሰች ሮጣ ወጣች። ሶፎንያስ ለፈታኙ «ልጅቷ ማንበብ አትችልም፤ እንዲሁ አናሳልፋት» አለ። ትምህርቱ ተበላሽቶበት ፈተናውን እንደገና ወሰደ፤ ቅር ግን አላለውም።

ሰሎሜ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። «ብሞትም አልሄድም!» አለች። ኢዮስያስ ቤቷ ድረስ ሄደ። እናቷ ተጨንቃ «መምህር፣ እኔስ አቃተኝ፤ እስቲ እርስዎ ይሞክሯት» አለችው። እሱም በሩ ጀርባ ለተደበቀችው ልጅ «ነገ ነይና እኔ ላይ ሳቂ» ብሏት ተመለሰ።

መጣች። ኢዮስያስ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞ ጸሎቱን እንደ ትልቅ ሰባኪ ያንበለብለው ጀመር። «ቲቸር፣ ተገልብጧል!» እያሉ ልጆቹ ተንከተከቱ። «እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ በቃሌ ይዤ ነበር የማነበው» አላቸው፤ እውነቱን ነበር። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ሰሎሜ ናት። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀረች፣ አህያዋንም ያነሳባት የለም።

ማንበቡስ? እሱ የዲቦራ ሥራ ነው። የኮሌጁ መዘምራን ለመዘመር ሐዋሳ ሲሄዱ፣ ድምፀ መረዋዋ ዲቦራ ለሰሎሜ ስትል ቀረች። ከትምህርት በኋላ ከወጥ ቤቴ አጠገብ ሰሎሜን ታስቀምጥና «ከምታውቂው እንነሳ» ትላታለች። ጸሎቱን ገልጣ «‹ብርሃን› የቱ ጋ ነው?» ትላለች። ልጅቷ በቃሏ እያለች፣ ለእያንዳንዱ ቃል ጣቷን እያሳረፈች ታገኘዋለች። ከዚያ ያችኑ «ብ» ፊደል አህያዋ ገጽ ላይ ይፈልጋሉ። ስታገኝ የምትጮኸው ጩኸት ድስቴን ያስጥለኝ ነበር!

የምረቃው ቀን ደረሰ። ሰሎሜ መድረክ ላይ ወጥታ ያንኑ የአህያ ገጽ አነበበች። አንድ ቃል ላይ ተደናቀፈች፤ ሊረዷት ሲሉ እጇን አወናጨፈችና ራሷ ተወጣችው። እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔም አላስቀረሁም።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ላምቤቦ ደወሉን አስያዟት። «ማንበብ ላስተማረሽ ስጪ» አሏት።

ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሰሎሜ አየቻቸው፣ አየቻቸውና ወደ ጋሽ ላምቤቦ ዞረች። «ጋሼ፣ የትኛቸው ናቸው ያስተማሩኝ?»

ሶፎንያስ ባይደርስበት እስከ ዛሬ እናጨበጭብላት ነበር። ኢዮስያስ ባይሄድ ከበሩ ጀርባ አትወጣም። ዲቦራ አብራት ባትቀመጥ አሁንም አህያዋ ትጸልያለች። ለማን እንደሰጠች አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን እናንተ ፍረዱ። ሰሎሜ ደወሉን ይዛ ቆማለች፤ እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?