እየተራመደ የጨረሰው ሯጭ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው መሮጥ ነበረ። እኛ በሬ ጠምደን እንደምናድር እሱም በእግሩ ያድር ነበር።

ልጄ ይርሳው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። የተሰበረው እግርህ ገና ሳይጠና ነገ ወደ አያ ጥሩነህ ደቦ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለኸኛል። ጓደኞቼ በሬ ጠምደው ሲፎካከሩ እኔ ከኋላ ጓል ስከሰክስ ሰው ከሚያየኝ፣ ጨርሶ አለመታየቱ አይሻልም ወይ ብለኸኛል። መልሴ በዚህ ሰው ነገር ውስጥ ነው። ዝም ብለህ ስማ፤ ሁለት ጊዜ አልናገረውም።

ሯጩ በአንድ ክለብ ተቀጥሮ ነበር። በዚያ ክለብ ልምምድ ሲያደርጉ በአንድ መስመር ተከታትለው ነው የሚሮጡት። አመመኝ ያለ ሰው ከመስመሩ ይወጣል፤ ሲመለስ ቦታውን ሌላ ይዞት ያገኘዋል። ስለዚህ ቅልጥሙን ሲያመው አልተናገረም። ሦስት ሳምንት ደብቆ ሮጠ። በአራተኛው ሳምንት ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ አልታዘዝ አለው። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። በራጅ ሲታይ አጥንቱ ተሰንጥቋል።

ሐኪሙ አራት ወር እንዳይሮጥ ከለከለው። እጅህን አጣጥፈህ ከምትቀመጥ ዋኝ፣ ብስክሌትም ንዳ፤ እነሱ አጥንት አይመቱም አለው። ሰውዬው ደገኛ ነው። ወንዝ እንኳ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ይሻገራል እንጂ ጉልበቱን ውኃ አስነክቶ አያውቅም ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ ለመነና ከሐይቁ ዳር ይማር ጀመር። መጀመሪያ ውኃውን ዝም ብሎ ይደበድበው ነበር። አጥማጁ ይስቅበታል፤ ዓሦቼን ሁሉ አባረርህብኝ፣ እንግዲህ የዛሬን እራቴን አንተ ነህ የምታበላኝ ይለዋል። ብስክሌቱንም ከዘመድ ተዋሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራቱን ገፋቸው።

አራቱ ወር ሲሞላ ሐኪሙ መሮጥ ፈቀደለት፤ ግን በልክ ነው። ስምንት ደቂቃ በዝግታ ትሮጣለህ፣ ሁለት ደቂቃ ትራመዳለህ፣ ከዚያ ደግሞ ስምንት። የእጅ ሰዓትህን ትሞላዋለህ፤ ሲጮህ ትታዘዛለህ። እምቢ ብለህ አጥንቱ ሁለተኛ ከተከፈተ፣ መሮጡ ቀርቶ ሸክም ይዘህ ዳገት መውጣትም አይሆንልህም አለው።

በዚያ ሰሞን በሐይቁ ከተማ ውድድር ተጠራ። በአንድ ጠዋት ሦስት ሥራ ነው። መጀመሪያ ሐይቁን ይዋኛሉ፣ ከውኃ ወጥተው ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት ይነዳሉ፣ ከብስክሌቱ ወርደው አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። በመካከሉ ዕረፍት የለም። ሯጩ ተመዘገበ። ለምን ብዬ ኋላ ጠይቄዋለሁ። አራት ወር ሙሉ በሽተኛ ስባል ከረምሁ፤ አንድ ነገር ጀምሬ መጨረስ እችል እንደ ሆነ ማወቅ ፈለግሁ አለኝ።

ያን ዕለት እኔም እዚያ ነበርሁ። ጤፍ ጭኜ ገበያ ስሄድ መንገዱን ዘግተውት ደረስሁ። ሁለቱን አህዮች ይዤ ከገመዱ ኋላ ቆምሁ። ፀሐዩ በርትቷል፤ ከሌሊት ጀምሮ ስሄድ ነው የመጣሁት። ሰው ሥራ ፈትቶ የሚላፋ መስሎኝ ተናድጄ ነበር።

በዋናው ከኋላው የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ቀድሞት ወጣ። በብስክሌቱም ካቴናው ሁለት ጊዜ ወልቆበት ወርዶ ሲያስገባ እጁ በቅባት ጠቆረ። አንዲት ወፈር ያለች ሴት ደወሏን እየደወለች ስታልፈው፣ ወንድሜ፣ ብስክሌቱን ልትነዳው ነው ወይስ አስጊጠህ ልትድረው? አለችው። ሳቀ። ዋናም ብስክሌትም ሙያው አይደለም፤ ስለዚህ ቢያልፉትም አላፈረም፣ ቢስቁበትም አልከፋውም። ኋላ ሲነግረኝ፣ ከዓመት ወዲህ ልቤ እንደዚያ ያረፈበት ሰዓት የለም ብሎኛል።

ከዚያ ብስክሌቱን አስቀምጦ ጫማውን አሰረ። አሁን የቀረው የእግር ሥራ ነው።

የክለቡ ሰዎች እኔ ከቆምሁበት አጠገብ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ብቅ ሲል አይተው፣ ይኸው ቤቱ ገባ ተባባሉ። እውነትም ቤቱ ገባ። እግሩ መንገዱን አወቀው። በዝግታ ሩጥ የተባለውን ረሳ። ቅድም ያለፉትን አንድ በአንድ ያልፋቸው ጀመር፤ ሽበታሙን አለፈ፣ ሴትዮዋን አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ መቁጠር ተውሁ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ሰዓቱ ጮኸ። መስማትስ ሰማ፤ እንዳልሰማ ሆነ።

ትንሽ እንደ ሄደ ቅልጥሙ ላይ በመርፌ ጫፍ እንደ መነካት ያለ ነገር ተሰማው። ያን ሕመም ያውቀዋል። ሦስት ሳምንት ደብቆ ይዞት የሮጠው ሕመም ነው።

ቆመ። በጓደኞቹ ፊት ለፊት ቆመ።

በክለባቸው አንድ ልማድ አላቸው። ሩጫው ያልሆነለት ሰው መንገድ ላይ አይራመድም። ጓደኛው ገብቶ ጃኬት ይደርብለትና ይዞት ይወጣል። እንዲህ የወጣ ሰው ተሸነፈ አይባልም፤ አቋረጠ ነው የሚባለው። ስሙም አይነካ፣ ማንም አይጠይቀው። ከመካከላቸው አንዱ ገመዱን ዘሎ ጃኬት ይዞ ደረሰ።

«ና ውጣ እንጂ አንተ። ሯጭ ሲራመድ አይታይም» አለው።

ሰውዬው ጃኬቱን አየው። በጣም ደክሞታል። ቢለብሰው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«አንተው ልበሰው» አለ። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

መራመድ ጀመረ። ስምንት ደቂቃውንም ሁለት ደቂቃውንም ተወ፤ እንዲያው ዝም ብሎ ተራመደ። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ያለፋቸው ሰዎች ሁሉ መልሰው አለፉት። ያቺ ሴት ስትደርስበት ልትቀልድ አፏን ከፈተችና ፊቱን አይታ መንገዷን ቀጠለች።

ብዙም ሳይቆይ ገመዱ ተፈታና መንገዱ ለእኛ ተለቀቀ። አህዮቼን ነዳሁ። እሱ ከፊቴ እየተራመደ ስለ ነበር ደረስሁበት። ደረቱ ላይ ቁጥር የለጠፈ ሰው፣ እኔና ሁለት የጤፍ ጭነት አንድ ላይ ሄድን። የነገርሁህን ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ያምሃል ወይ አልሁት። ስራመድ አያመኝም፣ የሚያመኝ ሌላው ነው አለኝ። ሌላው ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

ከመጨረሻው ስንደርስ ሰው ተበትኗል። አንድ ሰው ብቻ ገመድ ይጠቀልላል። ሯጩ መስመሩ የት ነው ብሎ ጠየቀው። ገመድ ጠቅላዩ ቀና ሳይል በእግሩ መሬቱን አሳየው። ሯጩ ተሻገረው። ከዚያ ቁጭ አለና ጫማውን አወለቀ። ገመድ ጠቅላዩ ቁጥሩን አይቶ መዘገበውና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ገበያው እየተፈታ ስለ ነበር ቸኩዬ ሄድሁ።

ከወር በኋላ በዚያው ገበያ አገኘሁት። በራጅ ታይቶ አጥንቱ አልተከፈተም። ከዚያ ወዲህስ አሸነፈ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ አላውቅም። ሲያነጋግረኝ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር። እሱን ነው ያየሁት።

እንግዲህ ያ ሰው አንተ ነህ። ቤት መቅረት ጃኬት መደረብ ነው፤ ማንም አይስቅብህም፣ የተጨረሰም ነገር የለም። ስለዚህ ነገ ትሄዳለህ። ጓል ስትከሰክስ ቢስቁብህ ምንም አትሆንም፤ እሱ ላንተ ዋናና ብስክሌት ነው። ሰው ያልለመደውን ሥራ ተጠንቅቆ ነው የሚሠራው። እኔ የምፈራልህ ቀትር ላይ ነው። አንዱ ጓደኛህ እየሳቀ እርፉን ያቀብልሃል። እስኪ እንይህ፣ ዱሮ ማንን ታስቀድም ነበር ይልሃል። እጅህ እርፍ ያውቃል። ከጨበጥኸው በኋላ እግርህ ተሰብሮ እንደ ነበር ትረሳለህ።

ወጌሻው የፈቀደልህ ሦስት ፈር ነው። ሦስት ፈር እረስ። አራተኛው ላይ ሰው ሁሉ እያየህ እርፉን መልስና ወደ ጓልህ ተመለስ። የሚስቅ ይሳቅ። እኔም እዚያው አለሁ፤ ቀና ብዬ አላይህም።

እግርህ ከተሰበረበት ከጥር ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ ስሠራ ከርሜአለሁ፤ ደክሞኛል። ቢሆንም ይህን ክረምት ብቻዬን አርሼ እወጣዋለሁ። የቀረውን ዕድሜዬን ግን ብቻዬን አርሼ አልዘልቀውም።