የባላምባራስ አምባዬ ሆድ

፦ ተረት ተረት።
፦ ንገሪን እስኪደርስ እራት።

በድሮ ዘመን ባላምባራስ አምባዬ የሚባሉ የአገር ዳኛ ነበሩ። ፍርዳቸው አጭር፣ ማዕዳቸው ረጅም ነበር። ጠዋት ቁርጥ ይበላሉ። ቀትር ላይ ዶሮ ወጥ ይበላሉ። ማታ ደግሞ ያንኑ በቅቤ አርሰው ይደግሙና እንደ ጎረሱ ይተኛሉ። ችሎቱ ደጃቸው ካለው ዋርካ ሥር ነው፤ እሳቸው ግን በበቅሎ ነበር የሚሄዱት። ውሃ አይጠጡም። ውሃ የድሃ ነው ይላሉ። በውሃ ብቻ ድሃውን አልተሻሙትም።

ከዚያም ታመሙ። ደረታቸውን ያቃጥላቸዋል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሳምንት ሙሉ ወደ ጓሮ ሳይወጡ ይሰነብታሉ።

ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ፦ ምግቡን ትንሽ ቢቀንሱትስ? አሉ።

ባላምባራስም፦ ምግብ ሰው አሳምሞ ያውቃል? እኔን ቡዳ ነው የበላኝ፤ አሉ።

ጠንቋይ ተጠራና መጣ። ጥቁር ሙክት ይታረድ፣ ላቱን በበርበሬ ይብሉ አለ። ባላምባራስ ላቱንም ሙክቱንም ጨረሱ። እንዲህ ያለ ታዛዥ በሽተኛ ጠንቋዩ አይቶ አያውቅም። በነጋታው ባሰባቸው። ጠንቋይ ደግሞ ተሳሳትኩ አይልምና፦ የበላችዎ ሸክላ ሠሪዋ ደብሪቱ ናት፤ አለ።

ደብሪቱ ከመንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት። ዘመድ የላት፣ መሬት የላት። እንዲህ ያለችውን ሰው መክሰስ አያደክምም።

ባላምባራስ አስጠሯትና፦ በስምንት ቀን አገሩን ለቀሽ ውጪ። ጎጆሽ ይቃጠላል፤ አሏት።

እጇ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ወዴት ልሂድ ብላ አሰበች፤ የምትሄድበት አልነበራትም።

፦ እሺ ጌታዬ። እኔ ከሄድኩ ግን የያዘዎትን ማን ይፈታልዎታል? ሰባት ቀን ያልኩዎትን ያድርጉ። ካልተሻለዎ ጎጆዬን በገዛ እጄ አቃጥላለሁ።

፦ ምን ላድርግ?

፦ ጠዋትና ማታ ከዳገቱ በታች ወዳለው ምንጭ በእግርዎ ይምጡና ውሃ ይጠጡ። ተልባ በጥብጬ እሰጥዎታለሁ። የሚበሉት ገብስና ጎመን ነው፤ እሱንም በደንብ ያላምጡት። ሥጋና ቅቤ ከነኩ፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ከጎረሱ ይበላሻል።

፦ ይህ ሁሉ አስማት ነው?

፦ ከባድ አስማት ነው፤ አለች ደብሪቱ።

በመጀመሪያው ቀን ባላምባራስ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ተቀመጡ። አገሩም እግር እንዳላቸው ያን ቀን አወቀ። በሁለተኛው ቀን ጎመኑን አይተው ሊያለቅሱ ደረሱ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጓሮ ወጡና ጦር ድል አድርጎ እንደ ተመለሰ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። ወይዘሮ አስካለ እልል ለማለት ትንሽ ቀራቸው። በአምስተኛው ቀን ቃጠሎው ተዋቸው። በሰባተኛው ቀን ዳገቱን ሳያለከልኩ ወጡት።

በስምንተኛው ቀን ሕዝቡ ጎጆ ሲቃጠል ሊያይ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጠንቋዩ ከፊት ቆመ። ባላምባራስ በእግራቸው መጡና፦ ተሽሎኛል። አስማትሽ ምን ነበር? አሉ።

ደብሪቱ አሰበች። አስማት ነው ብትል ቡዳ ናት ይሏታል። አይደለም ብትል ጌታን አታለለች ይሏታል።

፦ አስማት የለም ጌታዬ። ውሃ ነው፣ ተልባ ነው፣ የራስዎ እግር ነው።

፦ ታዲያ ማን ነው የበላኝ?

፦ እርስዎን የበላዎ የለም። የበሉት እርስዎ ነዎት።

ባላምባራስ ፊታቸው ጋለ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ያቺ ሴት ያለ ጥፋቷ ሰባት ቀን ምን ብላ እንዳደረች አሰቡና አፈሩ።

፦ ደብሪቱ ከጎጆዋ አትነቃነቅም። ቡዳ ብሎ የሚጠራት ሰው ተከሶ እዚህ ችሎት ይቆማል፤ ብለው ፈረዱ። ከዚያም፦ ያ ጠንቋይ የታለ? አሉ።

ጠንቋዩ ከዳገቱ ማዶ ነበር። በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ መሆኑ ቀድሞ ገብቶት ኖሯል።

እኔም ተረቴን እዚህ አደረስኩ። እንግዲህ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ከዳር ሳይሆን ከመሐል ቁረሱልኝ፤ ጥርሴን ታውቁታላችሁ።