የጨዋ ቤት ቋንጣ

አሞሌ ጨው እንደ ብር ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት በዚያ ዘመን፣ ባላምባራስ ድንበሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አሞሌያቸውን በሣጥን ቆልፈው፣ ዘራቸውን ግን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲቆጥሩ ይውላሉ።

አንድ ቀን ሰንጋ አሳረዱና ባለሙያ የተባለች አንዲት ባልቴት አስጠርተው ቋንጣ እንድታደርግላቸው አዘዟት። ሴትዮዋ ሥጋውን ዘልዝላ ስትጨርስ፣ "ጌታዬ፣ ጥቂት ጨው ያስፈልገኛል፤ አለዚያ ይበላሻል" ብትላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ጨው ጨው አትበይብኝ! ይህ የጨዋ ቤት ነው! ዝም ብለሽ ስቀዪ። ከተበላሸ ግን ላምሽን እወስዳለሁ!"

ያለቻት ያችው አንዲት ላም ናት። ምን ታድርግ? እጅ ነሥታ፣ እልፍኙ ውስጥ ገመድ ወጥራ፣ ሥጋውን ልክ ከባላምባራስ መኝታ በላይ ሰቀለችው።

በአራተኛው ቀን እልፍኙ አላስገባ አለ። ባላምባራስ አፍንጫቸውን በኩታቸው ይዘው፣ በእንግዶቻቸው ፊት አስቀረቧት።

"አንቺ ሴት፣ ሥጋዬን ምን አድርገሽ ነው ያገማሽው? በሉ ላሟን አምጡ!"

"ጌታዬ፣ ይማሩኝ፤ ጆሮዬ ደከም ይላል" አለች። "ያን ዕለት 'የጨዋ ቤት ነው' ሲሉኝ 'የጨው ቤት ነው' ያሉኝ መስሎኝ፣ ግድግዳው ራሱ ያጣፍጠዋል ብዬ ሰቀልኩት። የጨው ቤት አለመሆኑን ይኸው ሥጋው መሰከረ። የጨዋ ቤት መሆን አለመሆኑን ደግሞ፣ እንግዶቹ እዚሁ እያሉ፣ ላሜ ትመስክር።"